ሠላሳ ትንፋሽ ጠዋት፣ ሠላሳ ማታ

በ2079 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከታች ገበያ ወደ ላይ ሰፈር የሚወጣው አውቶቡስ አልነሣም አለ። በሮቹ ተዘግተዋል፣ ተሳፋሪው ቦታ ቦታውን ይዟል። ሾፌር ስለሌለው «ምን ሆነ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ከጣራው የሚወጣ ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ «ከመካከላችን ለከፍታው አቅም የሌላቸው አንድ ተሳፋሪ አሉ። ለራሳቸው ደኅንነት ሲሉ እንዲወርዱልን በአክብሮት እንጠይቃለን» አለ።

ስም አልጠራም። ስም መጥራት በከተማው ደንብ የተከለከለ ነው። ተሳፋሪዎቹ ግን የየራሳቸውን ቁጥር ስለሚያውቁ፣ ነገሩ ያልነካቸው ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዱ ወደ መስኮት፣ አንዱ ወደ ጫማው፣ አንዷ ወደ ዘንቢሏ።

ከኋላ ወንበር አንዲት የስልሳ አራት ዓመት ሴት ተነሣች። ሉባባ እንድሪስ ትባላለች። ረጅም ናት፤ ክንዶቿ ለሴት ሰፊ፣ መዳፎቿ ሻካራ ናቸው። የወንበሮቹን ጀርባ እየያዘች፣ በየሁለት እርምጃው እየቆመች፣ እስከ በሩ ድረስ ሄደች። «ይቅርታ» አለች። እግሯ አስፋልቱን ከመንካቱ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

ደጋምባ በወሎ ተራሮች ትከሻ ላይ የተቆለለች ከተማ ናት። ነዋሪው ሁሉ ከአንገት አጥንቱ ሥር ምስር የምታህል ለኪ አለችው። ለኪዋ ሳንባ ወደ ደም የሚያሳልፈውን አየር ትቆጥራለች። ቁጥሩን አውቶቡሱ ያነበዋል፣ የሱቁ በር ያነበዋል፣ የመኝታ ቤቱም ግድግዳ ያነበዋል። በደጋምባ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» አይባባልም። «ስንት አደርክ?» ነው የሚባለው። «ሰማንያ ሁለት፣ ይመስገን» ይላል የተጠየቀው።

ቁጥሩ ከአርባ በታች የወረደ ሰው በዘጠና ቀን ውስጥ ወደ ቆላ ማረፊያ ይዛወራል። ቆላ ማረፊያ ከባቲ ወዲያ፣ ሜዳው ላይ ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ ግድግዳው በየአልጋው ኦክስጅን ይሰጣል። ደንቡን ያወጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ደረጃ ላይ ወድቀው የሚሞቱ ሰዎች በዝተው ስለነበር፣ ያ እንዳይደገም ብለው ነው። ሆኖም ደንቡ ከወጣ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት ከወረዱት ተመልሶ የወጣ አልነበረም። በከተማው አነጋገር «እገሌ ወረደ» ሲባል ሰሚው «ነፍስ ይማር» ለማለት አፉ ይቃጣዋል።

የሉባባ ግድግዳ በዚያ ጠዋት ገና ዓይኗን ሳትገልጥ «ሠላሳ ስምንት» ብሏት ነበር። ከዚያም «ዘጠና ቀን አለዎት። መልካም ቀን» አላት።

ሉባባ ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ ለአሥራ ስድስት ዓመት ድንጋይ ጠርባለች። የላይ ሰፈርን ደረጃ ከሠሩት አርባ ሴቶች አንዷ ናት። አፏን በነጠላ ሸፍና መሮና መዶሻ ይዛ ስትውል አቧራው እንደ ዱቄት ሽፋሽፍቷ ላይ ይቀመጥ ነበር። ያን ጊዜ አቧራ ከልብስ ላይ የሚራገፍ ነገር እንጂ ሌላ አልመሰላትም። ከሦስት ዓመት በፊት ግራ ሳንባዋ ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሞቹ የታመመውን ክፍል ቆርጠው አወጡ፣ ለቀረው ክኒን ሰጧት፣ በሽታው ባለበት ቆመ። ሐኪሞቹ ደስ አላቸው። ትንፋሿ ግን አልተመለሰም።

ፀጉሯን ለማበጠር ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ለሶላት ስታጎነብስ ደረቷ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላታል፤ ስለዚህ ከአንድ ዓመት ወዲህ ወንበር ላይ ሆና ነው የምትሰግደው። ከሁሉ የከፋው ንግግሩ ነበር። ነገር ጀምራ ግማሹ ላይ አየር ያልቅባታል። አድማጩ በትሕትና ቀሪውን ይጨርስላታል። ብዙ ጊዜ የሚጨርስላት ደግሞ እሷ ልትል ያሰበችውን አልነበረም።

ከአውቶቡሱ እንደ ወረደች የኦክስጅን ጭንብሏን አየር ለማስሞላት ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። መቶ እርምጃ ለመሄድ ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቁና ቁና ስትተነፍስ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከምድር ቤቱ ደረጃ ብቅ አለ። ያብፀጋ ይባላል፤ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ሙያው በጤና ጣቢያው ከተረሳ ስለቆየ ክፍሉ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። አጠገቧ በርከክ አለ።

«እትዬ፣ ትንፋሽ ማጠሩ አሁን ምን ያህል ከብዶዎታል? ከዜሮ እስከ አሥር ቢሰጡት?»

«ሠላሳ... ስምንት» አለች።

«እሱን ግድግዳውም ይነግረኛል። እኔ የጠየቅሁት እርስዎን ነው።»

ሉባባ ቀና ብላ አየችው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተለካች አታውቅም። ተጠይቃ ግን አታውቅም።

«ዘጠኝ» አለች።

ወደ ምድር ቤት ይዟት ወረደ። ከተደራረቡ አልጋዎች ጀርባ ካለ ካርቶን ውስጥ ጣት የሚያህል የፕላስቲክ ቧንቧ አወጣ። ቧንቧው ውስጥ ሞላ አለ፤ ጫፉ ላይ ሞላውን የሚያጠብቅና የሚያላላ ብሎን።

«ምንድን ነው... ጡሩንባ ነው?»

«የማይነፋ ጡሩንባ ነው፤ የሚሳብ። ሞላው እምቢ ይልዎታል፤ እርስዎ በኃይል ስበው ያስከፍቱታል። ሠላሳ ትንፋሽ ጠዋት፣ ሠላሳ ማታ። በየሳምንቱ እየለካሁዎት ብሎኑን ትንሽ አጠብቀዋለሁ።» ከዚያ ዓይኗን እያየ ቀጠለ። «አስቀድሜ እውነቱን ልንገርዎት። ይኼ ሳንባዎን አያድነውም፤ ካንሰሩንም አይነካውም። ሳንባ ግን ራሱን በራሱ አይነፋም፤ የሚስብለት ጡንቻ ነው። ከጎድንዎ ሥር እንደ ጣራ የተዘረጋ ጡንቻ አለ። ከታመሙ ወዲህ ትንፋሽ እንዳያጥርዎት ፈርተው ይቀመጣሉ። ሲቀመጡ ጡንቻው ይሰንፋል። ሲሰንፍ ትንፋሹ የባሰ ያጥራል። ጭንብሉ አየር ይሰጥዎታል እንጂ ጡንቻውን አያሠራልዎትም።»

ሉባባ ሻካራ መዳፏን አየች። «መዶሻ የያዝኩ ሰሞን... በሦስተኛው ቀን... ክንዴን ማንሣት አቃተኝ።»

«በሦስተኛው ወርስ?»

«የወንድ ክንድ ሆነ።»

«እንግዲያው ነገሩን ያውቁታል።»

«ቁጥሬ... ከፍ ይላል?»

«አይመስለኝም። ለኪዋ የምትቆጥረው ሌላ ነገር ነው።»

«ታዲያ... ምን ይረባኛል?»

«ፀጉርዎን ሳያርፉ ያበጥራሉ» አለ ያብፀጋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሷ ግን «ሳላርፍ?» ብላ ደግማ ጠየቀችው።

ያን ዕለት የጤና ጣቢያው ተንቀሳቃሽ ወንበር ደረጃውን አሳልፎ ቤቷ አደረሳት። የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር። አፍንጫዋን በመቆንጠጫ ይዛ፣ ቧንቧውን በከንፈሯ ገጥማ ስትስብ ሞላው ንቅንቅ አይልም። ብሎኑ እኮ ገና መጨረሻው ድረስ የላላ ነው። በአሥረኛው ትንፋሽ ራሷ ዞረ። ጉሮሮዋን የታነቀች መሰላት፤ ያ የለመደችው ፍርሃት መጣ። ግድግዳው ፍርሃቷን አነበበና ጭንብሉን ዘረጋላት። በአራተኛው ቀን ቧንቧውን አልጋ ሥር ወረወረችው።

በሰባተኛው ቀን ግድግዳው፣ ቁጥሯንና የቀራትን ቀን ከነገራት በኋላ፣ «ለጉዞዎ ሁለት ሻንጣና አንድ ምንጣፍ ተፈቅዶልዎታል። የትኛውን ምንጣፍ እንደሚወስዱ ቢወስኑ እንረዳዎታለን» አላት። ሉባባ ምንጣፎቿን አየች። ሦስት ናቸው። ከዚያ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛች፣ እጇን አልጋው ሥር ሰደደች፣ ቧንቧውን ከነአቧራው ጎትታ አወጣችው። እልህ ያዛት። ያን ዕለት ሃያ ሁለት ሳበች።

በማግስቱ ለያብፀጋ ሁሉንም ነገረችው። አልተቆጣም። ሲያስፈራት ወደ ፊት ዘንበል ብላ እጆቿን ጉልበቷ ላይ መደገፍን፣ ከንፈሯን ለፉጨት እንደሚያሾል ሰው አድርጋ አየሩን ቀስ ብላ ማውጣትን አሳያት። «ለመሳብ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ያስወጡት። ቤቱ ባዶ ከሆነ እንግዳው ራሱ ይገባል» አላት። በሦስተኛው ሳምንት ሠላሳውን ሞላች። በአራተኛው ብሎኑ ግማሽ ዙር ጠበቀ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ማበጠሪያዋን አስቀምጣ ስትነሣ፣ እጇን አንዴም ሳታወርድ ፀጉሯን እንደ ጨረሰች ትዝ አላት። ፈትታ እንደገና አበጠረችው።

የሉባባ አንድ ልጅ ነኢማ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከተራራው ጫፍ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ትጠግናለች። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። አምና እናቷን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ያገኘቻት እሷ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ ስትመለስ በሩን ከመክፈቷ በፊት ጆሮዋን ለጥፋ የእናቷን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ «እማ፣ የማዛወሪያውን ወረቀት በቤተሰብ ስም ፈርሜያለሁ» አለቻት።

ሉባባ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ሳትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅሽ እሺ አትይም።»

«ሠላሳዬን እየሠራሁ አይደለም? እያየሽኝ አይደለም?»

«እያየሁሽ ነው! ግድግዳውንም እያየሁ ነው። ሠላሳ ስምንት ነበርሽ፣ ዛሬም ሠላሳ ስምንት ነሽ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ላስቲክ ስትጠቢ አንዲት ቁጥር አልተነቃነቀችም። ወለል ላይ ወድቀሽ ያገኘሁሽ እኔ ነኝ፣ ያ ሐኪምሽ አይደለም።»

«ቁጥሩ የሳንባዬ ነው» አለች ሉባባ። «እኔ ሳንባዬ ብቻ ነኝ ወይ?»

ነኢማ ሳህኗን ገፋች። ምሳው ሳይበላ ቀዘቀዘ። ሁለቱም ለሦስት ቀን ከሰላምታ በላይ አልተነጋገሩም።

በአራተኛው ቀን ነኢማ ነፋስ ስለበዛ ሥራ ተቋርጦ በእኩለ ቀን ወደ ቤት ተመለሰች። ከደረጃው መታጠፊያ ሳትደርስ የሰው ጩኸት ሰማች። የጎረቤታቸው የጣራ ውሃ ወደ ሉባባ ግድግዳ ይወርዳል፤ ነገሩ የቆየ ጠብ ነው። ሉባባ በሯ ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትናገራለች።

«ጣራህ ያንተ ነው፣ ውሃውም ያንተ ነው፤ ግድግዳዬ ግን የኔ ነው! ክረምት ከመግባቱ በፊት አሸንዳ አድርግ ብዬህ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ዘንድሮ ካላደረግህ እኔው መሰላል ተክዬ እወጣለሁ!»

ጎረቤቷ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። በንግግሯ መሐል የሚገባበት ክፍተት ሲጠብቅ ነበር፤ ሁልጊዜ ይመጣ የነበረው ክፍተት ዛሬ አልመጣም። ነኢማ መታጠፊያው ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ በሁለት እጆቿ ፊቷን ሸፍና፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። ስትነሣ ዓይኖቿ ርሰው ነበር።

በዚያው ቀን የማዛወሪያውን ደንብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበችው እሷ ናት። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝን ያገኘችውም እሷ ናት። አንቀጹ፣ ሊዛወር የተወሰነበት ነዋሪ ከፈለገ ከሰፈሩ ታችኛው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ በእግሩ መውጣቱን በትንፋሽ ጽሕፈት ቤት መርማሪ ፊት ቢያሳይ፣ መዛወሩ በየስድስት ወሩ እየታየ ይዘገያል ይላል። ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። ጭንብል የለም። መቀመጥ የለም። ማንም አይነካውም። መቆም ይፈቀዳል። አንቀጹ ከተጻፈ ወዲህ ጠያቂ መጥቶ አያውቅም፤ ከአርባ በታች የሆነ ሰው ያን ደረጃ ይወጣዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው» አለች ነኢማ።

«አውቀዋለሁ» አለች ሉባባ። «ግማሹን በእጄ አውቀዋለሁ።»

ያብፀጋ ወዲያው እሺ አላለም። ለካት፣ አስኬዳት፣ ደግሞ ለካት። የመሳብ ኃይሏ ከጀመረችበት በግማሽ ያህል ጨምሯል። ለኪዋ ሠላሳ ስምንት ላይ እንዳለች ናት። «ልወድቅ እችላለሁ?» ስትለው «ይችላሉ» አላት። «ከወደቁ እኔ ከታች አለሁ። ግን እስካሁን ያየሁትን ልንገርዎት፤ መውጣት የሚችሉ ይመስለኛል።»

ጥር ሃያ ስምንት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መርማሪው አቶ ሙሉሰው ታችኛው በር ላይ ደረሰ። የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ደልዳላ፣ ንጹሕ፣ ቁጥሩ ዘጠና አንድ። የወረቀት ቅጽ ይዟል። ቅጹ አሮጌ ስለሆነ የጽሕፈት ቤቱ ማሽን አያውቀውም፤ ከመጋዘን ነው ያስመጣው። በየሃምሳ ደረጃው ቆሞ «ድካሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና የነዋሪውን ቃል መጻፍ አለበት።

«ወይዘሮ ሉባባ፣ ሐሳብዎን ቢቀይሩ የሚያሳፍር ነገር የለውም» አለ።

«እንሂድ» አለች።

በሁለት ደረጃ አንድ ስባ፣ በሦስት ደረጃ እያስወጣች ጀመረች። ነኢማ ሁለት ደረጃ ከኋላዋ፣ ያብፀጋ ከነኢማ ኋላ ሆኑ። ሃምሳኛው ላይ ሉባባ «ሁለት» አለች። አቶ ሙሉሰው ጻፈ። መቶኛው ላይ «ሦስት» አለች። መቶ ሃምሳኛው ላይ መርማሪው ጥያቄውን ለመጠየቅ አፉን ከፍቶ ምንም አልወጣውም። ላቡ አንገቱን አርሶታል። ስድስት ዓመት ሙሉ በተንቀሳቃሽ ወንበር እንጂ በእግሩ ደረጃ ወጥቶ አያውቅም።

«ለመሳብ አይቸኩሉ» አለችው ሉባባ። «መጀመሪያ ያስወጡት። ከንፈርዎን እንዲህ ያሹሉት።»

አቶ ሙሉሰው ወዲያና ወዲህ አየ፤ ከዚያም ከንፈሩን አሾለ። ሦስት ጊዜ አስወጣ። «ስንት... ነው?» አለ በመጨረሻ።

«አራት። የእርስዎስ?»

መርማሪው ወደ ቅጹ አጎነበሰ፤ ነኢማ ግን ከኋላ ስትስቅ ተሰማ።

ሰው ከየቤቱ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ወሬው ቀድሟቸው ወጥቷል። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልጮኸም። ለሙሽራ ወይም ለአስከሬን እንደሚቆም ሰው ግራና ቀኝ ቆመው አሳለፏት።

ሁለት መቶ አርባ ላይ ነፋስ መጣ። ከተራራው ጫፍ ተወርውሮ ፊቷን መታት፣ አፏን ሞላው፣ ቆጠራዋን አሳታት። አንድ ትንፋሽ ተጣጠፈባት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ተጋጨ። ያ ፍርሃት ከነበረበት ተነሣ፤ ከፊቷ ያለው ድንጋይ ለመቀመጥ የተሠራ መስሎ ታያት። ነኢማ እጇን ዘረጋች። እጇ ከእናቷ ጀርባ አንድ ስንዝር ሲቀረው በአየር ላይ ቆመ። ብትነካት አለቀ። ነኢማ የገዛ እጇን በሌላው እጇ ይዛ ወደ ደረቷ መለሰችው፤ በሕይወቷ ከሠራችው ሥራ ሁሉ ይህ ከባዱ እንደነበር ኋላ ላይ ተናግራለች።

ሉባባ ዘንበል አለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ደገፈች። ከንፈሯን አሾለች፤ አስወጣች። ቤቱ ባዶ እስኪሆን አስወጣች። ከጎድኗ ሥር ያለው ጡንቻ ሲጎትት ተሰማት። ልክ እንደ ጠዋቱ፣ ሞላው እምቢ ሲላት እንደምታስከፍተው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ደረጃው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳያስበው አብሯት ይተነፍስ ነበር። ስድስተኛው ላይ ቀና አለች።

«ስንት ነው?» አለ መርማሪው በዝግታ። የሚጠየቅበት ደረጃ አልነበረም። እንዲሁ ሊያውቅ ፈልጎ ነው።

«ስምንት ነበር። አሁን ስድስት ነው» አለች። «ነፋሱ ነው። እንሂድ።»

ደጃፏ ላይ በሠላሳ ስድስት ደቂቃ ደረሰች። አልተቀመጠችም። በሩን ተደግፋ ቆማ ጠበቀችው፤ አቶ ሙሉሰው አሥር ደረጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሲደርስ መጀመሪያ ለኪዋን አነበበ።

«ሠላሳ ስምንት ይላል።»

«ይበል» አለች።

ቅጹን አየ፤ ደንቡን አየ። የለኪው ቁጥር የሚገባበት ሣጥን ቅጹ ላይ አልነበረም። ያለው አንድ ባዶ መስመር ብቻ ነው፣ «የነዋሪው ቃል» የሚል። «ድካሙ ስንት ነው?» አለ።

«አምስት። ይጻፉት፤ አምስት፣ በራሴ አፍ።»

ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን ሰጣት። ነኢማ ያን ጊዜ እናቷን አቀፈቻት፤ እንዳይነኳት የሚከለክለው ጊዜ አልፏል። «እማ» አለቻት። የላይ ሰፈር ሴቶች እልልታውን ያቀለጡት ከዚህ በኋላ ነው። ሉባባ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ክብሯን እንደ ጃኖ ለብሳ፣ እስኪያበቁ ድረስ ቆማ ሰማቻቸው።

የስድስት ወር ጊዜ ያገኘ ብዙ ሰው እፎይ ብሎ መቀመጥ ያስባል። ሉባባ ግን በመጋቢት መጀመሪያ በያብፀጋ ካርቶን ውስጥ የቀሩትን አሥራ አራት ቧንቧዎች ይዛ፣ ወደ ታች በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች። ወደ ታች የሚሄደው አውቶቡስ ማንንም አያስወርድም። የቆላ ማረፊያ ዘበኛ መዝገቡን ገልጦ፣ «ለመኖር ነው የመጡት?» አላት።

«ለማስተማር» አለች። ዘበኛው እንዲህ የሚል ቦታ መዝገቡ ላይ አጥቶ ዝም ብሎ አስገባት።

እዚያ ወለላን አገኘቻት። ወለላ ከእሷ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ድንጋይ የጠረበች ጓደኛዋ ናት፤ በዚያው በሽታ ከአራት ዓመት በፊት ወርዳለች። በደረጃው ሥራ ዘመን ምላሷ ከመሮዋ የሰላ ነው ይባልላት ነበር። አሁን አልጋ ላይ ናት፣ ጭንብሉ ከግድግዳው ተዘርግቶ ፊቷ ላይ።

«ሉባ... መጣሽ» አለች ወለላ። «ወረ... ድሽ?»

«መጣሁ እንጂ አልወረድኩም።»

ወለላ ቧንቧውን አገላብጣ አየችው። «ያድ... ናል?»

«አያድንም። እኔም አልዳንኩም። ስንት ነው ድካሙ፣ ከአሥር?»

«አሥር።»

«በይ ቀና በይ። አፍሽን ግጠሚ።»

በየሳምንቱ ሰኞ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ከታችኛው በር ደረጃውን በእግሯ ትወጣለች። ያብፀጋም በወር አንዴ አብሯት እየወረደ እያንዳንዱን ሰው ይለካል። ቧንቧ ከወሰዱት ሦስቱ በመጀመሪያው ወር ተዉት። አንድ ሽማግሌ ዳኛ ቧንቧው ክብሩን እንደሚነካ ተናግሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሁለቱ ሞቱ፤ በሽታቸው ከማንም ጡንቻ የበረታ ነበር። በግንቦት የካንሰር ሐኪሟ የሉባባን ምስል አይቶ ቀኝ ሳንባዋ ላይ አዲስ ነጥብ መኖሩን ነገራት፤ ክኒኑ ተቀየረ። አዲሱ ክኒን ስላደከማት አንድ ሰኞ ሳትወርድ ቀረች። ጠዋት ሠላሳዋን ግን አልተወችም፤ ማታም እንዲሁ።

በማግስቱ፣ ከነኢማ ጋር ቁርስ ላይ ሳሉ፣ ግድግዳው ከቆላ ማረፊያ ጥሪ እንዳለ ተናገረ። ወለላ ነበረች። ሉባባ እንደ ወትሮው ቃላቱን ለመጠበቅ፣ በየመሐሉ ያለውን ዝምታ ለመታገሥ ተዘጋጀች።

«አንቺ ሉባባ እንድሪስ ምን ሆነሽ ነው ትናንት የቀረሽው እኔ እዚህ ሠላሳዬን ጨርሼ ለእነዚህ ሁሉ ስቆጥር ውዬ ያን ሰነፍ ዳኛ ከአልጋው አስነሥቼ ቧንቧውን አፉ ላይ አስገጥሜ በር በሩን ሳይ ዋልኩ ለመጪው ሰኞ ደግሞ ባትመጪ እኔ ራሴ እወጣልሻለሁ!»

ነኢማ ሻዩን ይዛ ቀርታለች። ሉባባ ፊቷ ሁሉ እየበራ እጇን በልጇ ክንድ ላይ ጫነች።

«ሰማሽ?» አለቻት። «በአንድ ትንፋሽ ነው።»